ይህ ሰው ማን ነበር?



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ አሮጌ ፎቶግራፎች ነው። ያውም የዘመድ የወዳጅ ሳይሆን፣ ስማቸውንም አገራቸውንም ማንም ስለማያውቃቸው ሰዎች ፎቶግራፎች። «ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሱን። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እያንዳንዳችን ቤት መግባቱ አይቀርም።

የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ከምናለሽ ተራ በጥቂት ብር የገዛውን አሮጌ ፎቶግራፍ በደብተሩ መሐል ይዞ መጣ። ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላ፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ነው። አንድ ጺማም ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ቆሟል። የሰውየው እጅ በልጁ ትከሻ ላይ አርፏል። ጀርባውን ስንገለብጠው መሐሉ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። ከላይ በፈረንሳይኛ «ፖስት ካርድ» የሚል ታትሞበታል። ከዚያ በቀር አንድም ፊደል የለበትም።

ፎቶው ከዴስክ ወደ ዴስክ ሲዞር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱ በጺሙ ሳቀ፤ ሌላው ስም አወጣለት፤ ሦስተኛው «ልጁ ሊያለቅስ ነው» አለ። በመጨረሻ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ተማሪ ፎቶውን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችውና «ቲቸር፣ የዚህ ልጅ ልጆች አሁን የት ናቸው? ፎቶው እዚህ መሆኑን ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀችን። ሳቁ ቆመ። እኛም መልስ አልነበረንም።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ከተማሪዎቹ ይልቅ የነካው እኛን ነው። እኛ ራሳችን እንዲህ ያሉትን ካርዶች መሰብሰብ ከጀመርን ስድስት ዓመት አልፎናል። አንዳንዱን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች፣ አንዳንዱን ውጭ አገር ካሉ ወዳጆች አግኝተን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እናስቀምጣለን። ስለ ምስልና ፎቶግራፍ ዑለሞቻችን የሰጧቸው የተለያዩ ብያኔዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ያንን ለባለቤቶቹ እንተዋለን። ዛሬ የምንነጋገረው ፎቶው አንዴ ተነስቶ፣ ሰውየው ሞቶ፣ ወረቀቱ ብቻ በማያውቁት እጅ ሲቀር ስለሚመጣው ኃላፊነት ነው።

ካርዱ ከየት መጣ?

ፖስት ካርድ በመንግሥት ፖስታ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1869 በኦስትሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ሥዕል አልነበረውም። በአንድ ገጹ አድራሻ፣ በሌላው ገጹ አጭር መልእክት የሚጻፍበት ርካሽ ወረቀት ነበር። በኋላ ሥዕልና ፎቶግራፍ ሲጨመርበት ችግር መጣ። በአድራሻው ገጽ ላይ ከአድራሻ በቀር ምንም እንዳይጻፍ ደንቡ ይከለክል ስለነበር ላኪው ሰላምታውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ለመሞነጫጨር ተገደደ። እንግሊዝ በ1902፣ አሜሪካ ደግሞ ከማርች 1 ቀን 1907 ጀምሮ ጀርባው ለሁለት እንዲከፈል ፈቀዱ። ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻ ሆነ። ተማሪያችን ባመጣው ካርድ ጀርባ ላይ ያየነው መስመር የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

በመሐሉ በ1903 ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፖስት ካርድ ልክ ፎቶ የሚያነሳ፣ ተጣጥፎ የሚያዝ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። የፊልሙ መጠን 8 ሴንቲ ሜትር ከምናምን በ14 ሴንቲ ሜትር ነበር። ፎቶውን ማጉላት አያስፈልግም። ፊልሙን ጀርባው የፖስት ካርድ ጽሑፍ በታተመበት የፎቶ ወረቀት ላይ አስተኝቶ፣ ብርሃን አሳይቶ፣ በመድኃኒት ማጠብ ብቻ ነው። ማንኛውም የመንደር ፎቶ አንሺ ይህን መሥራት ቻለ። ገበሬው ከበሬው ጋር፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ፊት፣ ሙሽሮች ከቤተሰባቸው ጋር ተነስተው ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ካርድ ያሳትሙና በሩቅ ላሉ ዘመዶቻቸው በትንሽ ቴምብር ይልካሉ።

ሕዝቡ ምን ያህል እንደወደደው አንድ ቁጥር ይበቃል። እስከ ጁን 1908 በነበረው አንድ የበጀት ዓመት ብቻ በአሜሪካ ፖስታ ቤቶች በኩል ከ677 ሚሊዮን በላይ ፖስት ካርዶች ተልከዋል። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 90 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። አገራችንም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በዚያው በ1908 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንበል። በማተሚያ ማሽን የወጣ ፖስት ካርድ በሺህ የሚቆጠር ወንድምና እህት አለው። በፎቶ ወረቀት የታጠበው ግን ምናልባት አሥራ ሁለት ቅጂ፣ ምናልባትም አንድ ብቻ ነው። በእጃችን የያዝነው ፊት በዓለም ላይ የቀረው የዚያ ሰው የመጨረሻ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስሙ የት ጠፋ?

ብዙ ሰው «ለምን ስማቸውን አልጻፉም?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ቀላል ነው። ተቀባዩ ስለሚያውቃቸው ነው። እናት ሩቅ አገር ላለ ልጇ ፎቶዋን ስትልክ «እኔ እናትህ ነኝ» ብላ ትጽፋለች? አትጽፍም። «ደህና ነን፤ ናፍቀኸናል» ትላለች እንጂ። አብዛኞቹ ካርዶች እንዲያውም በፖስታ አልተላኩም። በእጅ ተሰጥተው፣ በደብዳቤ ውስጥ ተከተው ወይም በአልበም ገብተው የቀሩ ናቸው። ስሙ የተዘለለው በቸልተኝነት ሳይሆን በቅርበት ብዛት ነው።

ከዚያ ጊዜ ያልፋል። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉንም ያውቃል። ሁለተኛው ግማሹን ያውቃል። ሦስተኛው «የሆነ ዘመዳችን ነው መሰለኝ» ይላል። አራተኛው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲፈርስ ሣጥኑን ከአሮጌ ማሰሮና ከተሰበረ ወንበር ጋር ለቆራሌው ይሰጣል። እነሆ ስም የጠፋው በጦርነት ወይም በእሳት ብቻ አይደለም። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ «በኋላ እንጽፈዋለን» እየተባለም ይጠፋል።

ይህን ችግር የካሜራ ሠሪዎቹም ተገንዝበውት ነበር። ኮዳክ በ1914 በካሜራው ጀርባ ላይ ትንሽ መዝጊያ ያለው አዲስ ዓይነት አወጣ። ፎቶ አንሺው መዝጊያውን ከፍቶ፣ ፊልሙ ጠርዝ ላይ በትንሽ የብረት ብዕር ስምና ቀን መጻፍ ይችል ነበር። ጽሑፉም ከፎቶው ጋር አብሮ ይታጠባል። መሣሪያው ተሠራ፤ ማስታወቂያውም ተነገረ። ሰው ግን በአብዛኛው መዝጊያውን ሳይከፍት ፎቶውን እያነሳ ቀጠለ።

ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች እንዲህ ያሉ ፎቶዎች በካርቶን ተሞልተው ይሸጣሉ። አንዳንድ ሻጮች በቀልድ «ፈጣን አያቶች» ይሏቸዋል። የራሱ አያት ፎቶ የሌለው ሰው ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅላቸዋል ለማለት ነው። ቀልዱ ያስቃል። ትንሽ ቆይቶ ግን ያሳዝናል። አንዱ አያት ገዝቶ ሲሄድ፣ ሌላው አያቱን ሸጦ ሄዷልና።

ሰብሳቢዎቹ ምን ያያሉ?

ሰብሳቢ ማለት ዝም ብሎ የሚያጠራቅም ሰው ብቻ አይደለም። ጥሩ ሰብሳቢ እንደ መርማሪ ነው። መጀመሪያ በማጉያ መነጽር ያየዋል። ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው። ነጠብጣብ ከሌለው እውነተኛ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ጠርዙ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ከሆነ በወረቀቱ ውስጥ ያለው ብር በዕድሜ ብዛት ወደ ላይ መውጣቱን ያሳያል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ደምቆ የሚያበራ ከሆነ ግን መጠርጠር አለበት። ወረቀቱን የሚያነጣው ያ ንጥረ ነገር በፎቶ ወረቀት ላይ መዋል የጀመረው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነውና።

ከዚያ ጀርባውን ያነባል። ቴምብር በሚለጠፍበት ሳጥን ዙሪያ የወረቀቱ ስም ይታተማል። ለምሳሌ «አዞ» የሚባለው የአሜሪካ ወረቀት አራት ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሁሉም ወደ ላይ ካመለከቱ በግምት ከ1904 እስከ 1918፣ ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 እስከ 1930 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ይላሉ። ይህ ግን ወረቀቱ የተሠራበትን እንጂ ፎቶው የተነሳበትን ዓመት በትክክል አይናገርም። ፎቶ አንሺው አሮጌ ወረቀት አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልብሱን፣ ጫማውን፣ የፎቶ ቤቱን ማህተም፣ ከበስተኋላ የተሰቀለውን የተሳለ መጋረጃ ያስተያያል። በተለያዩ ሁለት ካርዶች ላይ አንድ ዓይነት መጋረጃ ካየ ፎቶ ቤቱ አንድ ነው ማለት ነው። አንዱ ካርድ የከተማ ስም ካለው ሌላውም አገር አገኘ።

በዚህ ሥራ ስሙ ከሚነሳው አንዱ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ቶም ፊሊፕስ (1937 - 2022) ነው። ተራ ሰዎች የተነሱባቸውን ከ50,000 በላይ የፎቶ ፖስት ካርዶች ሰብስቧል። በ2004 በለንደን የሚገኘው የብሔራዊ የቁም ሥዕሎች ሙዚየም ከእነዚህ መርጦ አሳይቷል። የነገሥታትና የታላላቅ ሰዎች መልክ በሚሰቀልበት ቤት ስማቸው የማይታወቅ ሠራተኞች፣ እናቶችና ሕፃናት በክብር ተደረደሩ። በኋላም በኦክስፎርድ የሚገኘው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ከስብስቡ መጻሕፍት አሳትሟል። አንዱ መጽሐፍ ስለ አንባቢዎች፣ ሌላው ስለ ሠርግ፣ ሌላው ስለ ብስክሌት ነው። ፎቶዎቹ ስም ባይኖራቸውም እንዲህ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሰው እንዴት እንደቆመ፣ ምን እንደያዘ፣ በምን እንደኮራ ይናገራሉ።

በቪኛኩር መንደር የሆነው

ስም አንዴ ከጠፋ አይመለስም ብለን ተስፋ እንዳንቆርጥ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራችሁ። በሰሜን ፈረንሳይ ከአሚየን ከተማ አጠገብ ቪኛኩር የምትባል መንደር አለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጦር ግንባሩ በስተኋላ ስለነበረች ወታደሮች ለዕረፍት ይመጡባት ነበር። ሉዊና አንቷኔት ቱዊዬ የተባሉ ባልና ሚስት በግቢያቸው ውስጥ የተሳለ ሸራ ሰቅለው ወታደሮቹን እያነሱ ፎቶውን በፖስት ካርድ ላይ ያትሙላቸው ነበር። ወታደሩ ካርዱን ለእናቱ ወይም ለሚስቱ ይልካል። ከዚያ ወደ ግንባር ይመለሳል። ብዙዎቹ ተመልሰው አልመጡም።

ፎቶዎቹ የተነሱባቸው የመስታወት ሰሌዳዎች በቤቱ ጣሪያ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ኖሩ። በ2011 የአውስትራሊያ ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች ደርሰው ሲከፍቱት ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰሌዳዎች አገኙ። የተሳለው ሸራም እዚያው ነበር። ፊቶቹ ትናንት የተነሱ ያህል ጥርት ብለው ይታያሉ። ስም ግን የላቸውም። ፎቶዎቹ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ሲታዩ ቤተሰቦች አሮጌ አልበማቸውን መግለጥ ጀመሩ። «ይህ አያቴ ነው፤ ይኸው ካርዱ በእጄ አለ» የሚሉ ሰዎች ብቅ አሉ። ከ800 በላይ የሚሆኑት ሰሌዳዎች ለአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ተቋም ተሰጡ፤ የበርካታ ወታደሮችም ስም ታወቀ።

ልብ በሉ። ስሙ የተመለሰው በሳይንስ ብቻ አይደለም። በአንድ ቤት መሳቢያ ውስጥ አንዲት ሴት ጀርባው ላይ ስም ጽፋ ያስቀመጠችው ካርድ በመገኘቱም ነው። አንዱ ስለጻፈ፣ ሌላው ታወቀ።

ሰው ወይስ «ዓይነት»?

ይሁን እንጂ ስም ሁልጊዜ በመርሳት አይጠፋም። ሆን ተብሎ የተነፈገበት ጊዜም አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጅቡቲ፣ ከድሬዳዋና ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚላኩ ፖስት ካርዶች ነበሩ። ከሥራቸው በፈረንሳይኛ የሚታተመው ጽሑፍ «የሐረር ሴት»፣ «የሶማሌ ልጃገረድ»፣ «ነጋዴ» ይላል። ፎቶ አንሺው ስሟን መጠየቅ አላስፈለገውም። ለገዢው እሷ ሰው ሳትሆን «ዓይነት» ነበረች። ሴትየዋ ግን ስም ነበራት። አባቷ ያወጣላት፣ ልጆቿ የሚጠሯት ስም ነበራት።

ከዚህ የከፋው በአልጄሪያ ተፈጽሟል። አልጄሪያዊው ደራሲ ማሌክ አሉላ በ1981 በፈረንሳይኛ ባሳተመው «ለ ሐረም ኮሎኒያል» በተሰኘው መጽሐፉ ከ1900 እስከ 1930 አካባቢ ፈረንሳውያን ስላሰራጯቸው ፖስት ካርዶች ጽፏል። ሙስሊም ሴቶች በሒጃባቸው ተሸፍነው በመንገድ ሲያልፉ ፎቶ አንሺው የሚያየው ነገር አልነበረውም። የቤቱም በር ዝግ ነበር። ስለዚህ በፎቶ ቤቱ ውስጥ የውሸት ሳሎን ሠራ። ድሃ ሴቶችን በገንዘብ ቀጥሮ፣ ሰውነታቸውን ገላልጦ «የአልጄሪያ ሴት በቤቷ» ብሎ ሸጠ። ካርዱን የገዛው ፈረንሳዊ ወታደር ጀርባው ላይ ለእናቱ ሰላምታ ጽፎ ላከው። አሉላ መጽሐፉን የጻፈው ያንን ካርድ ወደ ላኪው ለመመለስ ነው። አንዳንድ ተቺዎች ግን «ፎቶዎቹን እንደገና በማተም ሴቶቹን ዳግም አጋልጧቸዋል» ሲሉ ወቅሰውታል። ወቀሳው ቀላል አይደለም። ግፍን ለማሳየት የተገፋውን ሰው ገመና መግለጥ ይገባል ወይ? እኛ ከዚህ የተማርነው አለ። እንዲህ ያለ ካርድ ሲቀርብልን አንገዛም። የሷን ፈቃድ የሚጠይቅልን ሰው የለምና።

በቆርቆሯችን ላሉትም ቢሆን ለራሳችን ጥቂት ደንቦች አውጥተናል። ለማናውቀው ሰው ስምና ታሪክ አንፈጥርም። በመልኩ አንስቅም። ጀርባው ላይ የግል ምስጢር የተጻፈበትን ለሰው አናሳይም። ባለቤቱ ወይም ዘመዱ ከተገኘ ያለ ዋጋ እንመልሳለን። ፎቶው በእኛ ገንዘብ የተገዛ ቢሆንም ፊቱ አማና ነው።

በገዛ ቤታችን

እስካሁን የሌላውን አውርተናል። አሁን የራሳችንን ጉድ እንናገር።

ተማሪዋ ያንን ጥያቄ በጠየቀችን ሳምንት ወደ እናታችን ቤት ሄደን፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ በጨርቅ የተጠቀለለውን የአባታችንን (አላህ ይዘንላቸው) የፎቶ ሣጥን አወረድን። ሠላሳ አንድ ፎቶ ቆጠርን። አብዛኞቹ ደሴ ፎቶ ቤት የተነሱ፣ በፖስት ካርድ መጠን የታጠቡ ናቸው። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩ። የአሥራ አንዱን ስም ነገሩን። ሃያው ቀረ።

ከሃያው አንዱ እንቅልፍ ነሳን። አያታችን በወጣትነታቸው ቆመዋል። አጠገባቸው አንድ ረጅም፣ ፈገግተኛ ሰው እጁን በትከሻቸው ላይ ጥሏል። ጀርባው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «ለማልረሳው ወንድሜ ለማስታወሻ ያበረከትኩ፤ 1954 ዓ.ም.» ይላል። ስም የለውም። «ለማልረሳው» ብሎ የጻፈው ሰው ራሱ ተረስቷል። ለምን ስሙን ይጻፍ? አያታችን ያውቁታላ!

«ይሄን ሰው እኔም አላውቀው» አሉ እናታችን። «አባባ ግን ይህችን ፎቶ ብቻቸውን ሆነው ሲያዩ አይቻለሁ። እትዬ በሕይወት ቢኖሩ ይነግሩህ ነበር።»

እትዬ የአባታችን ታላቅ እህት ነበሩ። የቤተሰቡን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። ከማለፋቸው በፊት በነበረው ዒድ ልንዘይራቸው ሄደን ሳለ «ና እስቲ ቁጭ በል። ያንን ሣጥን አምጣና አብረን እንየው። እኔ ከሄድኩ የሚነግርህ የለም» ብለውን ነበር። እኛ የፈተና ወረቀት ማረም ነበረብን። ቸኩለን ነበር። «በሚቀጥለው ዒድ፣ ኢንሻአላህ» ብለን ጉንጫቸውን ስመን ወጣን። የሚቀጥለው ዒድ መጣ። እትዬ ግን አልነበሩም።

በዚያን ጊዜ የማናውቃቸው ሰዎች ፎቶ ፍለጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ለገበያ እንዞር ነበር። የቴምብር ሳጥን ሦስት ማዕዘን ስንቆጥር ማምሸት አይከብደንም ነበር። ለገዛ አክስታችን ግን አንድ ሰዓት አጣን። ይህን የምንጽፈው እናንተም እንድታፍሩልን አይደለም። ከእናንተ መሐል እትዬዎቻቸው በሕይወት ያሉ ብዙዎች ስለሆናችሁ ነው።

ምን እናድርግ?

ወጣት አንባቢዎቻችን፣ ነገሩ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ በቤታችሁ በዕድሜ ትልቁን ሰው በዚህ ወር ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ለዒድ አታቆዩት። ፎቶውን በእጃቸው ስጧቸው፤ አታቻኩሏቸው። አንዱ ስም ሌላውን ይጠራል። ስልካችሁ ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ አስፈቅዳችሁ ቅዱ።

ሁለተኛ፣ በፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጫነውና ከፊት ለፊት ይወጣል፤ ቀለሙም ይዛመታል። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ቦታ፣ ዓመት፣ ከማን ጋር እንደሆነ ጻፉ። «አጎቴ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። የልጅ ልጃችሁ የማን አጎት እንደሆነ አያውቅም። ያልተረጋገጠውን «ይመስላል» በሉ። የውሸት ስም ካለመጻፍ የባሰ ነው።

ሦስተኛ፣ ፎቶን በሙጫ አትለጥፉ። ገጹ የሚያጣብቅ አልበምም ጊዜ ቆይቶ ፎቶውን ይጎዳል። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ።

አራተኛ፣ የቤተሰብን ፎቶ፣ በተለይ የሴቶችን፣ ባለቤቷን ወይም ቤተሰቧን ሳትጠይቁ አደባባይ አታውጡ። እናታችሁ ለአባታችሁ ብቻ የተነሳችው ፎቶ ይኖራል።

አምስተኛ፣ ስልካችሁን እዩት። በውስጡ ስንት ሺህ ፎቶ አለ? ከስንቱ ላይ ስም ተጽፏል? አያቶቻችን በዕድሜያቸው አምስት ጊዜ ተነስተው ስማቸው ጠፋ። እኛ በቀን አምስት ጊዜ እየተነሳን ያው ስህተት ላይ ነን። በዓመት አሥር ፎቶ መርጣችሁ አሳትማችሁ ጀርባው ላይ ብትጽፉ ለልጆቻችሁ ትልቅ ውለታ ነው።

ተማሪያችን ያመጣው ካርድ ዛሬ የት አለ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ልጁ ራሱ ይዞታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልሳቀበትም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መጥቶ «ቲቸር፣ አያቴን የሠርጋቸውን ፎቶ ጠየቅኳቸው። አሥራ ስምንት ሰው አለበት። ሁሉንም ነገሩኝ» አለንና ከደብተሩ ላይ ዝርዝሩን አሳየን። አሥራ ስምንት ስም ከነአባታቸው በቁጥር ተጽፏል። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ትንሽም ቀናን።

እኛም የ1954ቱን ፎቶ ወደ ሣጥኑ ስንመልስ በጀርባው ጠርዝ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «ስሙን አላወቅንም። የአያታችን ወዳጅ ነበር። አያታችን ይህን ፎቶ ብቻቸውን ሆነው ያዩት ነበር።» ያወቅነው ይህን ያህል ነው። ከዚህ በላይ ማወቅ እንችል ነበር።

በሚቀጥለው እትማችን እስክንገናኝ፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ጽፋችሁ ብትልኩልን በደስታ እናነባለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።